በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ፖታሲየም የመለካት ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ሊቃውንት በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ፖታሲየም መለካት እንዴት እንደ ጀመሩና ልኩም ስለ ሕመምተኛው ምን እንደሚያስረዳ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ነው። ጉዳዩ ለላቦራቶሪ ሠራተኞች ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ፖታሲየም በደም ውስጥ እጅግ ሲያንስም ሆነ እጅግ ሲበዛ ልብን ሊያቆም የሚችል ንጥረ ነገር ስለ ሆነ፣ የተዛባበትን ምክንያት አውቆ ማከምና ሳያውቁ ማከም የሞትና የሕይወት ያህል የሚራራቁበት ጊዜ አለ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለዚህ ታሪክ የሚሰጠው የተለመደ አስተያየት፣ መሣሪያው በተሻሻለ ቍጥር ዕውቀቱም አብሮ ተሻሻለ የሚል ነው። እኛም ይህን ፈጽመን አንክድም። ይሁን እንጂ የነገሩን አካሄድ ስንመረምር ያገኘነው፣ መሣሪያ ቍጥርን እንደሚሰጥ፣ ቍጥሩን ማስረጃ የሚያደርገው ግን አስቀድሞ የተጠየቀው ጥያቄ መሆኑን ነው። ጥያቄውም በአጭሩ ይህ ነው፤ ደሙ ፖታሲየም ሲጐድልበት ኩላሊት ያለውን ይቆጥባልን ወይስ ያባክናል?

ከአመድ የወጣው ብረት

ሰዎች የእንጨት አመድን በውሃ እየዘፈዘፉ፣ ውሃውንም እያጠለሉና እያፈሉ፣ ለሳሙናና ለብርጭቆ ሥራ የሚያገለግል ጨው ሲያወጡ ብዙ ዘመን ኖረዋል። እንግሊዞች ይህን ጨው «ፖታሽ» ያሉት የአመዱ ውሃ በድስት ውስጥ ይፈላ ስለ ነበረ ነው፤ ፖታሲየም የሚለውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ጀርመኖች ግን «ካሊየም» ይሉታል። ይህም አመድን ከሚያመለክተው ከዐረብኛው «አልቃሊ» የተወሰደ ሲሆን፣ ዛሬ በኬሚስትሪ መጻሕፍት የፖታሲየም ምልክት «ኬ» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ንጥረ ነገሩን ለብቻው ለይቶ ያወጣው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ነው። በ1807 በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ፣ በቀለጠ ፖታሽ ላይ የኤሌክትሪክ ኀይል ቢያሳልፍበት እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ትንንሽ እንክብሎች ወጡ። እነዚህንም በውሃ ላይ ሲጥላቸው ወይን ጠጅ በሚመስል ነበልባል ነደዱ። ይህ ነበልባል ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሐኪሞች ትልቅ አገልግሎት እንደሚሰጥ ወደ ፊት እንመለከታለን።

ፖታሲየም በእንስሳትና በሰው አካል ውስጥ የትኛውን ስፍራ እንደሚይዝ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1847 ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢኽ ስለ ሥጋ ኬሚስትሪ ባሳተመው ሥራ፣ የሥጋ ጭማቂ በፖታሲየም ጨው ሲበለጽግ ደም ግን በሶዲየም ጨው እንደሚበለጽግ አመለከተ። በ1850 ደግሞ በዶርፓት ከተማ፣ ይኸውም የዛሬዋ የኢስቶኒያ ታርቱ፣ ካርል ሽሚት የኮሌራ ሕመምተኞችን ደምና ፈሳሽ መርምሮ፣ በደም ሕዋሳት ውስጥ ፖታሲየም፣ ሕዋሳቱ በሚንሳፈፉበት ፈሳሽ ውስጥ ግን ሶዲየም እንደሚያይል አስረዳ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር በ1882 እና በ1883 በእንቍራሪት ልብ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ የልብ ምት በፈሳሹ ውስጥ ባሉት ጨዎች ልክ እንደሚወሰን፣ ፖታሲየምም ሲበዛ ልብን እንደሚያቆም አሳየ።

ዛሬ ይህን በቍጥር ለመግለጽ ይቻላል። የአንድ ጎልማሳ ሰው አካል በግምት 3,500 ሚሊሞል ፖታሲየም ይይዛል። ከዚህም 98 ከመቶ ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ ሲሆን ከሕዋሳት ውጭ ያለው 2 ከመቶ ብቻ ነው። በሴረም፣ ማለት ከረጋ ደም ላይ በሚለየው ፈሳሽ ውስጥ፣ በአንድ ሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ይገኛል። እንግዲህ ደም ቀድቶ የሚለካ ሐኪም የሚያየው በጎተራው ደጅ የተንጠባጠበውን እህል እንጂ በጎተራው ውስጥ ያለውን አይደለም። ወደ አካል የሚገባው ፖታሲየም 90 ከመቶ ያህሉ የሚወጣው በሽንት በኩል ስለ ሆነ፣ የጎተራውን ገቢና ወጪ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ሽንትን ሳይለካ ሊያልፍ አይችልም።

አድካሚው የኬሚስትሪ ዘዴ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሽንት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም መለካት ቀላል ሥራ አልነበረም። በመጀመሪያ ሽንቱ ይተናል፤ ቀጥሎም የቀረው ደረቅ ነገር ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ከአመዱ ውስጥ ሌሎቹ ጨዎች ከተለዩ በኋላ የፕላቲነም ክሎራይድ ይጨመርበትና ቢጫ ዝቃጭ ይወርዳል። ይህ ዝቃጭ በአልኮል ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሚዛን ይመዘናል። ፕላቲነም ውድ ብረት በመሆኑ ወጪው ከፍተኛ ሲሆን፣ ሥራውም ብዙ ሰዓት ይወስድ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው አሞኒያ ነበረ። አሞኒያ ከፕላቲነም ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ እንደ ፖታሲየም ያለ ዝቃጭ ያወርዳል። ሽንት ደግሞ አሞኒያ የማይታጣበት ፈሳሽ ስለ ሆነ፣ አሞኒያውን አስቀድሞ ያላስወገደ ሠራተኛ ያልነበረውን ፖታሲየም እንደ ነበረ አድርጎ ይመዝናል። ሽንቱ በእሳት ተቃጥሎ አመድ እንዲሆን ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1921 ቤንጃሚን ክሬመርና ፍሬድሪክ ቲስዳል በአሜሪካ፣ ፖታሲየምን በኮባልት ጨው አዝቅጦ ዝቃጩን በፐርማንጋናት የመለካት ዘዴ ለጥቂት ሴረም እንዲስማማ አድርገው አቀረቡ። ይህ ዘዴ ከፊተኛው ይልቅ ጥቂት ደም የሚበቃው ስለ ነበረ፣ ሕፃናትን ለሚያክሙ ሐኪሞች መንገድ ከፈተ። ሆኖም በዚህም ቢሆን አሞኒያ ያሳስት ነበር፤ የዝቃጩም ጥራት በሠራተኛው እጅና ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከመሣሪያው የቀደመው ጥያቄ

በዚህ አድካሚ ዘመን ነው ትልቁ ጥያቄ የተጠየቀው። በ1923 ጄምስ ጋምብል ከሮስና ከላይ ከጠቀስነው ከቲስዳል ጋር ሆኖ፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና እንዲጾሙ የተደረጉ ሕፃናትን ሽንት መረመረ። የፈለገው በሽንታቸው ውስጥ ፖታሲየም መኖሩን ለማወቅ አልነበረም፤ መኖሩማ የታወቀ ነው። የፈለገው የሚወጣው ፖታሲየም ከየትኛው የአካል ክፍል እንደሚመጣ ለመረዳት ነው። ፖታሲየም የሕዋሳት፣ ሶዲየም ደግሞ ከሕዋሳት ውጭ ያለው ፈሳሽ ምልክት መሆኑን መሠረት በማድረግ፣ የሁለቱን ልክ በማመዛዘን ከየትኛው ወገን ምን ያህል ውሃ እንደ ጠፋ አሰላ። በጾም ጊዜ አካል የገዛ ሕዋሳቱን ሲያፈርስ በውስጣቸው የነበረው ፖታሲየም ወደ ሽንት ይወጣል። ስለዚህ የሽንቱ ቍጥር በዓይን ለማይታየው የሕዋሳት ኪሳራ እንደ ሒሳብ መዝገብ ሆነ። ይህ ሁሉ የተሠራው ፈጣኑ መሣሪያ ወደ ሐኪም ቤት ከመግባቱ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን።

የዚህም አስተሳሰብ ፍሬ በ1940ዎቹ ዓመታት በሕመምተኞች አልጋ አጠገብ ታየ። በዚያ ዘመን በተቅማጥ ለሚደርቁ ሕፃናት ውሃና የሶዲየም ጨው በደም ሥር መስጠት የተለመደ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ፈሳሹን እያገኙም ይሞቱ ነበር። በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳንኤል ዳሮው ወደ አካል የሚገባውንና ከአካል የሚወጣውን በጥንቃቄ እያመዛዘነ፣ እነዚህ ሕፃናት ከውሃና ከሶዲየም በቀር ብዙ ፖታሲየም እንደሚጐድላቸው አሳየ። በ1946 ከባልደረባው ከጎቫን ጋር ሆኖ ፖታሲየም ያለበትን ፈሳሽ መስጠት የሚሞቱትን ቍጥር እንደሚቀንስ አስታወቀ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት በወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 20 ሚሊሞል ፖታሲየም አለው።

በዚያው በ1946 ጄኮብ ሆለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ጻፈ። ሕመምተኛው ኢንሱሊንና ፈሳሽ ተሰጥቶት ስኳሩ ሲሻሻል፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ደከሙ፤ ፖታሲየም በተሰጠው ጊዜ ግን ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር በሽንት ብዙ ውሃ ይዞ ሲወጣ ፖታሲየምንም አስከትሎ ይወጣል። ኢንሱሊን በማነሱና ደሙ በመኰምጠጡ ምክንያት ግን በሕዋሳት ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ወደ ደም ስለሚወጣ፣ የደሙ ቍጥር ደኅና እንዲያውም ከፍ ያለ ሆኖ ይታያል። ኢንሱሊን ሲሰጥ ፖታሲየሙ ወደ ሕዋሳት ተመልሶ ይገባና የተሰወረው ጕድለት በድንገት ይገለጣል። ደም የዛሬውን ብቻ ሲናገር ሽንት ያለፈውን ኪሳራ እንደሚመሰክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም።

ነበልባሉ ወደ ሐኪም ቤት ገባ

አሁን ወደ ዴቪ ነበልባል እንመለስ። በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቡንዘንና ኪርሆፍ በ1859 እና በ1860 እያንዳንዱ ብረት በነበልባል ውስጥ ሲገባ የራሱ የሆነ ብርሃን እንደሚሰጥ፣ ይህም ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን በማያሻማ መሥመር እንደሚታወቅ አረጋገጡ። የሶዲየም ብርሃን ቢጫ፣ የፖታሲየም ግን ወይን ጠጅ መሰል ነው። የሶዲየሙ ቢጫ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ የፖታሲየሙን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ኬሚስቶች ነበልባሉን በሰማያዊ የኮባልት መስተዋት ውስጥ ይመለከቱት ነበር።

ብርሃኑን አይቶ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ልኩን መወሰን ግን ሌላ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሄንሪክ ሉንደጎርድ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ዓመታት ፈሳሹን ወደ ነበልባል እየነፋ የብርሃኑን ኀይል የሚለካ ዘዴ አደራጀ። በ1945 ደግሞ ባርንስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ለዕለት ሥራ የሚስማማ የነበልባል መለኪያ፣ ማለት ፍሌም ፎቶሜትር፣ አቀረቡ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሽንቱ በውሃ ይቀጥናል፤ እንደ ጉም ሆኖ ወደ ጋዝ ነበልባል ይነፋል፤ የፖታሲየምን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ ያለፈው ብርሃን በኤሌክትሪክ ዓይን ላይ ያርፋል፤ መርፌውም ልኩን ያመለክታል። ብዙ ሰዓት ይወስድ የነበረው ሥራ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዙሪክ ቪልሄልም ዚሞንና ባልደረቦቹ ቫሊኖማይሲን በተባለ ነገር አማካይነት ፖታሲየምን መርጦ የሚለይ ኤሌክትሮድ ሠሩ። ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች ነበልባሉን የተካው ይህ ዓይነቱ ኤሌክትሮድ ነው።

ኩላሊት ታማሚ ነው ወይስ ታዛዥ?

መሣሪያው ሲፈጥን ምርመራው በዛ፤ ስለ ኩላሊት የነበረው አስተሳሰብም ተለወጠ። በ1948 ሮበርት በርሊነርና ኬኔዲ፣ በዚያው ዓመትም ለብቻቸው መጅና ባልደረቦቹ፣ ውሾች ብዙ ፖታሲየም ሲሰጣቸው በሽንት የሚወጣው ልክ በኩላሊት ወንፊት ከሚያልፈው እንደሚበልጥ አሳዩ። በወንፊት ካለፈው የበለጠ ከወጣ፣ ኩላሊት በገዛ ቱቦዎቹ በኩል ፖታሲየምን ወደ ሽንት ይጨምራል ማለት ነው። ኩላሊት እንደ ማጥለያ ጨርቅ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ሳይሆን፣ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሠራ መሆኑ ታወቀ።

ትእዛዙ ከወዴት ይመጣል? በ1953 ሲልቪያ ሲምፕሰንና ጄምስ ቴት በለንደን፣ ከስዊዘርላንድ ኬሚስቶች ጋር ተባብረው፣ ከአድሬናል ዕጢ በኋላ አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ለይተው አወጡ። ይህ ሆርሞን ኩላሊት ሶዲየምን እንዲይዝ፣ ፖታሲየምን እንዲያወጣ ያዛል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጀሮም ኮን አንዲት ሴት መረመረ። ሴቲቱ ጡንቻዋ ይደክማል፣ ይኮማተራል፤ የደምዋ ግፊት ከፍ ያለ ነው፤ በደምዋ ያለው ፖታሲየምም እጅግ ዝቅ ብሏል። ደሙን ብቻ የሚያይ ሐኪም ፖታሲየም ሰጥቶ ሊያሰናብታት ይችል ነበር። ነገር ግን በሽንትዋ በኩል ፖታሲየም ሳያቋርጥ ይወጣ ነበር። ደሙ እንዲህ ተራቁቶ ሳለ ኩላሊት የሚያባክንበት ምክንያት ምንድን ነው? ኩላሊቱ ራሱ ታሟል ማለት አንድ መልስ ነበረ። ኮን ግን በዓለም ጦርነት ጊዜ ሰዎች ሙቀትን ሲለማመዱ በላባቸው ጨው እንደሚቆጥቡ አጥንቶ ስለ ነበረ፣ ኩላሊቱ የታመመ ሳይሆን ከልክ በላይ የታዘዘ መሆኑን ጠረጠረ። በታኅሣሥ ወር 1954 ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ባውም ሆድዋን ሲከፍት በቀኙ አድሬናል ዕጢ ላይ ዕብጠት ተገኘ፤ ዕብጠቱም ሲወጣ የፖታሲየሙ መባከን ቆመ። ኮን ይህን በ1955 አሳተመ፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1962 ፍሬደሪክ ባርተርና ባልደረቦቹ ደግሞ ፖታሲየምን በሽንት የሚያባክኑ፣ አልዶስቴሮናቸውም ከፍ ያለ፣ የደም ግፊታቸው ግን ያልጨመረ ሕመምተኞችን ገለጹ። እንግዲህ የሽንቱ ቍጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሊሆን እንደሚችል፣ ሐኪሙም የደም ግፊትን አብሮ ማየት እንደሚገባው ከዚህ እንማራለን።

ቍጥሩን ማንበብ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። የሽንት ፖታሲየም ለብቻው ተነሥቶ «ደኅና ነው» ወይም «ደኅና አይደለም» ሊባል አይችልም። ጤነኛ ሰው እንደ ምግቡ በቀን ከ25 እስከ 125 ሚሊሞል ያህል ሊያወጣ ይችላል። በቀን 50 ሚሊሞል ማውጣት ደሙ ደኅና ለሆነ ሰው ምንም አይደለም፤ ደሙ ለተራቆተ ሰው ግን የኩላሊት ብክነት ምስክር ነው። ደሙ ሲጐድል በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊሞል በታች ቢወጣ ኩላሊት እየቆጠበ ነው፤ ሐኪሙም ምክንያቱን በተቅማጥ፣ በምግብ እጥረት ወይም ፖታሲየም ወደ ሕዋሳት በመግባቱ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ቢወጣ ደግሞ ወደ ኩላሊትና ወደ አዛዦቹ ይመለከታል። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም፣ በተለይ ከ1958 ጀምሮ የተስፋፋው ክሎሮታያዚድና ዘመዶቹ፣ ዘወትር ሊጠየቁ ይገባል።

ትውከት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚያስመልሰው ሰው ፖታሲየሙን በትውከቱ ያጣ ይመስለናል። የትውከት ፖታሲየም ግን ጥቂት ነው፤ አሲዱ ስለሚወጣ ደሙ አልካሊ ያይልበትና ኩላሊት ትርፉን አልካሊ ሲያስወጣ ፖታሲየምን አብሮ ይሰጣል። ስለዚህ የሽንቱ ፖታሲየም ከፍ ቢልም ኩላሊቱ አልታመመም። ይህን የሚለየው በዚያው ሽንት ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው፤ በሚያስመልስ ሰው ክሎራይዱ እጅግ ያነሰ ይሆናል።

የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ለሕመምተኛው አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ሊቃውንት ከአንድ ጊዜ ሽንት ብቻ መልስ ለማግኘት ሞክረዋል። አንዱ መንገድ ፖታሲየሙን ከክሬአቲኒን ጋር ማነጻጸር ነው። በ2004 በታይዋን ሊንና ባልደረቦቹ፣ በፖታሲየም ማነስ ሰውነታቸው ለሰለለ ሕመምተኞች ይህ ንጽጽር ምክንያቱን ለመለየት እንደሚረዳ አሳይተዋል። ሌላው መንገድ በ1986 በቶሮንቶ የእነ ሃልፐሪን ቡድን ያወጣው ቀመር ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በተማሪዎች ሲጠና ቆይቷል። በ2011 ግን ሃልፐሪንና ካመል ራሳቸው ቀመሩ የተመሠረተበት ግምት እንደማይጸና ጽፈዋል። የገዛ ቀመራቸውን ለመሻር መድፈራቸውን እኛ ከቀመሩ ይልቅ እናደንቃለን።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ጋምብል በአድካሚው ዘዴ ያገኘው ዕውቀት ፈጣን መሣሪያ ለሌለው ሰውም መንገድ ክፍት መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሲፈጥን የሚቀረው ሥራ ቍጥሩን ከደሙ፣ ከግፊቱ፣ ከክሎራይዱና ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር አስማምቶ ማንበብ ነው። ሦስተኛ፣ ምርመራው ወሰን አለው። ዛሬ የኮን ሕመም ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ በደማቸው ያለው ፖታሲየም ያልጐደለ መሆኑ ታውቋል፤ ስለዚህ ሐኪሞች አልዶስቴሮንንና ሬኒንን በደም ውስጥ ለክተው ያነጻጽራሉ። ሽንቱ ብቻ ሁሉን አይነግርም።

ቢሆንም ቀላሉ ጥያቄ ዋጋውን አላጣም። ሽንቱ ለቆመበት ሰው ፖታሲየም መስጠት መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ዕብጠት ላለበት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ፖታሲየም እየሰጡ ማኖር ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጎተራውን እንደ መሙላት ነው። በዚህ ሙያ የሚሠለጥን ተማሪ ሁሉ ላቦራቶሪው የላከለትን ቍጥር ከመጻፉ በፊት፣ ሽንቱ በየትኛው ሰዓት እንደ ተጀመረና እንደ ተፈጸመ፣ ከፊሉም ተደፍቶ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሕመምተኛው በዚያ ዕለት በደሙ ምን ያህል እንደ ነበረውም አብሮ ይመልከት። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።